ሐምሌ ላይ ድሬዳዋ ሰርግ ለምታስቡ

ቀኑን ስነግራት እማዬ መጀመሪያ ያለችው «በርበሬውስ?» ነው። እንኳን ደስ አለሽ አላለችም። የሰርግ በርበሬ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ተቀንጥሶ፣ ተሰጥቶ፣ ተፈጭቶ የሚያልቅ ነገር ነው። እኛ ወሬውን ያነሳነው ሰኔ ሲገባ ነው። እሷ ደግሞ የድግስ በርበሬ የምታስዘጋጀው ሁሌም ሐረር ካለችው አክስቴ ጋ ነው። ሐረር ሰኔ ላይ ሰማዩ ይጠቁራል፤ ስጥ አይደርቅም።

«እዚሁ ድሬ እናሰጣዋለና! ፀሐይ ሞልቶ!» አልኳት።

ዝም ብላ አየችኝ። በሳምንቱ ግን አክስቴ በርበሬውን በጆንያ አድርጋ በሚኒባስ ላከችው። ጣሪያ ላይ ወጥተን አሰጣነው። በሦስት ቀን ኮሽ ኮሽ አለ። የክረምት ሰርጋችን ዝግጅት በዚህ ተጀመረ።

ለምን በጥር አላገባችሁም ለምትሉ፦ ሞክረን ነበር። ከገና እስከ ነነዌ ጾም ያለችው ጊዜ አጭር ናት። አገሩ ሁሉ እሷ ላይ ይረባረባል። የጠየቅናቸው አዳራሾች ተይዘዋል። ያልተያዙት ደግሞ ዋጋቸው አይቀመስም። እኔም ባለቤቴም መምህራን ነን፤ ረዘም ያለ እረፍት የምናገኘው ክረምት ላይ ነው። ውጭ አገር ያለው ወንድሜም ፈቃድ የሚሰጠው በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ተባለ።

ክረምት ረጅም ይመስላል እንጂ ለኦርቶዶክስ ሰርግ የሚሆነው ቀን ትንሽ ነው። የሰኔ ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። መሃል ላይ 26 ቀን አለ። ከዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብን ቀንሱ። እኛ ባገባንበት ዓመት የቀረው አራት ቅዳሜና አራት እሑድ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት አይሆንም፤ በጾም መሃል ድግስ ማሰናዳት ያስቸግራል፤ ቀማሽ እንኳን የለም። ሁለተኛው ላይ ወንድሜ አልደረሰም። እኛም ሐምሌ 20ን፣ እሑዱን፣ መርጠን ለዘመድ ሁሉ ደወልን።

የድሬ ልጅ ሆኜ ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል መሆኑን መርሳቴ እስካሁን ያሳፍረኛል። ቁልቢ ሲባል እኔ የሚመጣልኝ የታኅሣሡ ነው። የሐምሌውም ግን ከየአቅጣጫው ሰው ይጠራል። የዚያን ዓመት ደግሞ ቅዳሜ ላይ ዋለ። ሆቴል ስንጠይቅ ሙሉ ነው። ሚኒባስ ስንጠይቅ ኮንትራት ተይዟል። አጎቴ ደወለና «ስለት አለብኝ፤ ሰርግሽ ላይ ብመጣም እንቅልፌን ይዤ ነው የምመጣው» አለኝ። ቀኑን ወደ 27 ገፋነው። ለሁለተኛ ጊዜ ለሁሉም ደወልን። የካርድ ገንዘቡን አትጠይቁኝ።

ሐምሌ 27 ግን የራሱ ጣጣ አለው። እሑድ ሰርጉ ድሬ ላይ ነው። ሰኞ መልስ፣ እኛ ቤት። ማክሰኞ ቅልቅል፣ ሐረር ባለቤቴ ቤተሰቦች ዘንድ። ረቡዕ ጾም ነው። ሐሙስ ፍልሰታ ገባ። እንደ ባቡር ፉርጎ የተቀጣጠለ ፕሮግራም ነው፤ አንዱ ቢዘገይ ሁሉም ይቆማል። ትንፋሽ የሚሰጠው ከነሐሴ 16 በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ያኔ ግን ዝናቡ ይበረታል፤ የትምህርት ቤት ምዝገባና የእንቁጣጣሽ ወጪም ሰውን ይይዘዋል። ምርጫው የእናንተ ነው። ብቻ ቀን ስትቆርጡ ንስሐ አባታችሁን ብቻ ሳይሆን ሙስሊም ጎረቤታችሁንም አማክሩ። የሒጅራው አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ ረመዳንም ዐረፋም አንድ ቦታ አይቆሙም። እኛን ያማከረችን አዴ ናት። አዴ ጎረቤታችን ናት፤ ስለ እሷ ገና ብዙ እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ ዝናቡ። ከአዲስ አበባ የሚደውል ሁሉ «ዝናቡ አያበላሽባችሁም?» ይላል። የድሬን ክረምት የማያውቅ ሰው ጥያቄ ነው። ድሬ ላይ ሐምሌ ሙቀት ነው። ሲዘንብ አብዛኛውን ጊዜ አመሻሽ ላይ ነው፤ ወርዶ ያቆማል። እኛ ላይ ችግር የሚያመጣው እዚህ የሚዘንበው አይደለም። ላይ፣ ደጋው ላይ የሚዘንበው ነው።

ደቻቱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ወንዝ ነው፤ ግን ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ይነግድበታል። ከተማውን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። የኛ ቤት በመጋላ በኩል ነው፤ አዳራሹ ደግሞ በከዚራ በኩል። ቅዳሜ ማታ፣ የሰርጉ ዋዜማ፣ የእድሩን ድስትና የአዴን ሳህን ወደ አዳራሹ የሚወስድ አይሱዙ ተከራየን። ሹፌሩ በድልድዩ ዞሮ መሄድ ሰለቸው። «በአሸዋው ላቋርጥ፣ አምስት ደቂቃ ናት» አለ። ሰማዩ ላይ ኮከብ ይታያል። ጠብታ የለም።

አዴ ከበሯ ወጥታ ወደ ተራራው አየች። «ደንገጎ ጠቁሯል» አለች። «አቦ ተው፣ በድልድዩ ሂድ።»

ሹፌሩ ሳቀ። እሷ መኪናው ፊት ቆመች። ሴትዮዋ ሰባ ዓመት ያለፋት ናት፤ ማን ይገፋታል? እያጉረመረመ በድልድዩ ዞረ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ያ የማይረሳ ድምፅ መጣ። ድንጋይ ከድንጋይ የሚጋጭበት። ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ እንጨት ተሸክሞ ወረደ። ያን ያህል ትልቅ አልነበረም፤ ድስት የጫነ አይሱዙ ለመገልበጥ ግን ይበቃል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። እኔ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የኛ ሰፈር ሰው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ማታ ማታ ጆሮውን ሳይጥል አይተኛም። ዕቃም እንግዳም የምታጓጉዙ ከሆነ ሹፌሩን ከመነሻው ንገሩት፦ ሰማዩ ቢጠራም ባይጠራም በአሸዋው መሄድ የለም። ከሁለቱ ወገን በአንዱ በኩል ሁሉንም ነገር መጨረስ ከቻላችሁ ደግሞ የተሻለ ነው። እኛ አዳራሹን ስንመርጥ ይህን አላሰብንም። አየር ማቀዝቀዣውን ነበር ያየነው።

ስለ አዳራሹ ካነሳሁ አይቀር። ሐምሌ ላይ መደራደር ይቻላል። በጥር ከጠየቁን ዋጋ ሲሶውን ቀነሱልን፤ ወንበርና መጋረጃም ጨመሩ። ደስ ብሎኝ ውሉን ፈረምኩ። ውሉ ላይ «ጀነሬተር አለ» ይላል። እውነት ነው፣ አለ። ናፍጣ ግን አልነበረውም። ቀን 7 ሰዓት ከ20 ላይ መብራት ጠፋ። 350 ሰው ገብቷል። ቬንትሌተሩ ቆመ፣ ማቀዝቀዣው ቆመ፣ ዲጄው ቆመ። አርባ ደቂቃ! ሜካፔ አገጬ ጋ ደረሰ። ሚዜዎቹ ኮታቸውን አውልቀው በሸሚዝ ቀሩ። እንዲያውም እንደዚያ ያምሩ ነበር። አጎቶቼ ናፍጣ ፍለጋ በባጃጅ ተበተኑ። ስለዚህ ውል ስትፈርሙ ጀነሬተር አለ ወይ አትበሉ። ናፍጣው በማን ነው፣ ስንት ሰዓት ያሠራል፣ ማቀዝቀዣውን ይችላል ወይ መብራት ብቻ ነው? ከቻላችሁ ከአንድ ቀን በፊት ሄዳችሁ አስነስታችሁ እዩት። እኛ ከዚያ ወዲያ ገንዘብ ይመለስልን ብንል «መብራት ያጠፋነው እኛ አይደለንም» አሉን።

ድንኳንም ተክለን ነበር፣ ለወጥ ሠሪዎቹና ለመልሱ። የድሬ አፈር አሸዋ ነው፤ ካስማ አይዝም። ከዝናብ በፊት የሚመጣ ነፋስ አለ፤ አቧራውን አንስቶ ዓይን የሚያሳውር። ዓርብ ከሰዓት መጣና ድንኳኑን ከነምሰሶው አንስቶ ጎረቤት ግቢ አስቀመጠው። ሰው ስላልነበረ ተሳቀ። የእድሩ ሽማግሌ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት አስመጡ፣ አሸዋ አስሞሉ፣ በየምሰሶው ሥር ሁለት ሁለት አሠሩ። ከዚያ በኋላ ንቅንቅ አላለም። ጎኑን ደግሞ እንዳትዘጉት። ዝናብ ይገባል ብላችሁ ብትዘጉት ምድጃ ይሆናል።

ምግቡ ላይ ጠላታችን ሙቀቱ ነበር። እማዬ ልጅነቷን ሐረር ስላደገች እርሾውን በሐረር ልክ ጣለችው። ማታ የተቦካው ሊጥ ጠዋት ፈርሶ አደረ። ኩፍ ብሎ ከባሊው ወጥቶ መሬት ላይ! እንጀራው መረረ ሊባል የሚችል ኮምጣጣ ሆነ። ደግነቱ የሙከራ ነበር። ለሰርጉ እርሾ ቀንሰን በሁለት ዙር አቦካን፣ አንዱ ለቅዳሜ ማታ ሌላው ለእሑድ ሌሊት። ጠላውን ግን ማዳን አልተቻለም። ኮምጣጤ ሆነ። ሽማግሌዎቹ በትሕትና ጠጡት፤ አንዱ ብቻ «ሰላጣ ላይ ጥሩ ይሆናል» አሉ። ውሃም አሳስቶናል። ለአንድ ሰው አንድ ግማሽ ሊትር ብለን አሰብን። ደጋ ላይ ይበቃ ይሆናል። ድሬ ሐምሌ ላይ ሁለትም ሦስትም ያስፈልጋል። ሰው ከቢራ በፊት ውሃ ነው የጠየቀው።

ውሃ ካነሳሁ፦ ለድግስ በርሜልና ባልዲ ሁሉ ሞልታችሁ ታስቀምጣላችሁ አይደል? ክዳን አድርጉላቸው። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ይህን ከተማ እንዴት እንዳንበረከከው የነበርን እናውቃለን። ሰው ቤቱ ጉልበቱን ይዞ ነው የከረመው። ያን በሽታም ደንጊንም የምታስተላልፈው ትንኝ ንጹሕ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ትራባለች፤ የምትናከሰው ደግሞ በቀን ነው። ከደጋ ለሚመጣ ዘመድ አጎበር ብቻ ማዘጋጀት አይበቃም። እኛ በርሜሎቹን በጨርቅ ሸፍነን ዙሪያውን በገመድ አሰርናቸው። ለሚመጡትም የትንኝ ቅባት ይዛችሁ ኑ አልን።

አሁን ወደ አዴ። ድሬ ላይ የሚደግስ ክርስቲያን አንድ ድግስ አይደግስም፤ ሁለት ነው። ከእንግዶቻችን ግማሽ ያህሉ ሙስሊም ጎረቤትና ጓደኛ ነው። በሬው ለብቻ ይገዛል፣ የሚያርደው የነሱ ሰው ነው። ድስቱ፣ ቢላዋው፣ ጭልፋው ሁሉ ለብቻ። አዴ ይህን ሁሉ በራሷ ግቢ፣ በራሷ ሰዎች አሠራች። ሩዝ በሥጋ፣ ሳምቡሳ፣ ጣፋጩ ሳይቀር። እኔ ያደረግኩት ገንዘብ መስጠት ብቻ ነው። እሱንም ግማሹን መለሰችልኝ። ችግር የተፈጠረው አዳራሹ ላይ ነው። ሳህን ከውጭ አይገባም፣ የኛን ተጠቀሙ አሉ። ሁሉም ሳህን አንድ ላይ ነው የሚታጠበው። አዴ ሰማችና «ታዲያ በእጃችን እንይዘዋለና!» አለች። ከብዙ ንትርክ በኋላ የአዴ ሳህን ገባ። ይህን ውል ላይ ማስፈር ነበረብን። ከድሬ ውጭ ያደገ ዲኮረተር ወይም አስተናጋጅ ይህን ነገር ላያውቀው ይችላል። በቃል አትለፉት።

መንገዱ። ከሐረር ድሬ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በበጋ ምንም አይደለም። ሐምሌ ላይ ደንገጎ ጉም ይለብሳል። ጥምዝምዙ ላይ ፊት ለፊት ያለ መኪና አይታይም። የባለቤቴ ዘመዶች በሁለት ቅጥቅጥ ነው የመጡት፣ ጃኬትና ጋቢ ደርበው። ድሬ ሲወርዱ ላባቸው ጠብ ጠብ። ሁሉንም ልብስ አንድ ክፍል ውስጥ ከመርንላቸው፤ ማታ የማን ጋቢ የማን እንደሆነ ለመለየት ሽማግሌ ያስፈልግ ነበር። አማቴ አስቀድመው አንድ ነገር ብለውን ነበር። «ልጆቼ፣ ሰው ጨለማ ሳይዘው ደንገጎን ይለፍ።» ስለዚህ ምሳው በጊዜ ቀርቦ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ኬክ ቆረስን። ጭፈራው ሳይሞቅ ተቋረጠ ብለው ጓደኞቼ አኩርፈዋል። ያኩርፉ። ሁለቱ ቅጥቅጥ 10 ሰዓት ተነሡ፣ ብርሃን ሳለ ላይ ወጡ። ድሬ ላይ ግን 12 ሰዓት ሲሆን እውነተኛው ዝናብ መጣ። እኛ ያን ጊዜ ቤት ገብተናል።

ፎቶ ብዙ አልናገርም። ከዚራ ዛፎቹ ሥርና አሮጌው ለገሀር ጋ በጠዋት ተነሡ። ከ4 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ፊት ያጨማድዳል።

ማክሰኞ ሐረር ሌላ አገር ነው። ብርድ። ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። ለፎቶ ጀጎል ገባን፤ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ቬሎዬ ጭቃ ይጠርጋል። ቬሎውን ደግሜ የለበስኩት ለዚህ ፎቶ ብዬ ነው። ሞኝነት ነው። መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ ጫፉን ረግጬው ትርር አለ። ያ መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ነው ይባላል። በግራም በቀኝም ሰፊዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ምንም ሳይለኝ ጫፉን ይዞ ወደ መኪናው ሳበው። እኔ ቆሜ፣ ባለቤቴ ጃንጥላ ይዞ፣ ሰውዬው ይሰፋል። ጎረቤቱ ያሉት መኪናቸውን አቁመው ያዩናል። አንዲት ሴት እልል አለች፣ መንገዱ በሙሉ ተቀበላት። ሰፊው ገንዘብ አልቀበልም አለ። ከሁሉም ፎቶ የምወደው እሱን ነው፤ ፊቴ እንኳን አይታይም።

ቅልቅሉ በድንኳን ነበር፣ ሸራው ደግሞ መሃሉ ላይ ረገብ ብሎ ተወጥሯል። ውሃው እዚያ ተጠራቀመ። እንደ እርጉዝ ሆድ ተንጠለጠለ። አንድ ጎረምሳ በእንጨት ወደ ላይ ገፋው፤ ውሃው ተንሸራቶ ሙሉ በሙሉ ካባ የለበሱት የባለቤቴ አጎት ላይ ወረደ። እሳቸው ቁጭ እንዳሉ «ጥምቀት በጥር መስሎኝ!» አሉ። ሐረርና ደጋው ላይ የምትደግሱ ሰዎች ሸራው በአንድ ወገን እንዲያዘቀዝቅ አድርጋችሁ አስወጥሩ። ዙሪያውን ቦይ አስቆፍሩ፣ ከዋዜማው በፊት። ቄጠማ ጭቃ ላይ ሲረገጥ ራሱ ጭቃ ይሆናል፤ ሥር ሰጋቱራ አስነጥፉ። እኛ እኩለ ቀን ላይ ነው ሰጋቱራ ፍለጋ የሄድነው።

የቀረው ሥጋው ነው። ማክሰኞ ማታ ድሬ ስንመለስ ከኛ በሬ ግማሽ ጭን ያህል ተርፏል። ነገ ጾም፣ ከነገ ወዲያ ፍልሰታ። የአዴ በሬ ትራፊ ወዲያው ለሰፈሩ ሁሉ ተከፋፍሏል። የኛን ግን ማን ይብላው? ፍሪጁ ሞልቷል፣ መብራቱም አይታመንም። ለጥር ሰርግ ይህ ጭንቀት የለም፤ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ይበላዋል። እማዬ ቢላዋ አነሳች። ሌሊቱን ከአክስቶቼ ጋር እንደ ገመድ እየዘለዘሉ፣ በዚያው በጣሪያ ላይ በደረቀው በርበሬ እያሹ፣ ግቢው ውስጥ ሽቦ ወጥረው ሰቀሉት። ሐረር ቢሆን በሻገተ ነበር። የድሬ ፀሐይ በሁለት ቀን ዱላ አደረገው።

ነሐሴ 16 ዓርብ ስለዋለ ጾሙን የፈታነው በማግስቱ፣ በሰርጌ ቋንጣ ነው። ፍርፍሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። እማዬ ቀምሳ «በርበሬው ጥሩ ነው» አለች።